ሦስተኛው ቸርኬ ምን ያህል አስወጣን

(ይህ ጽሑፍ የማኅበራችን የሒሳብ ሠራተኛ በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ያቀረበችው ንግግር ነው።)



ሰብሳቢያችን የሰጠችኝ ርእስ «ስለ ባለ ሦስት እግሩ ሞተር አጭር ማብራሪያ» የሚል ነው። አጭር እንደማይሆን አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በእጃችሁ ባለው የሒሳብ ሪፖርት ውስጥ «ለሞተር ሳይክል ማሻሻያ የወጣ፣ ብር 90,250» የሚል አንድ መስመር አለ። ብዙዎቻችሁ ጣታችሁን እዚያ መስመር ላይ አድርጋችሁ ስትንሾካሾኩ አይቻለሁ። ትክክል ናችሁ። ጉባኤው ባለፈው ዓመት የፈቀደው 45,000 ብር ነበር። ለምን እጥፍ እንደሆነ የማስረዳት ግዴታ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም መስመሩን የጻፍኩት ብቻ ሳይሆን ያስረዘምኩትም እኔ ነኝ።

ከንብረቱ ልጀምር። ሞተር ሳይክሉ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ከዓመታት በፊት ሥራውን የጨረሰ አንድ ፕሮጀክት ትቶልን የሄደው ነው። በእኛ መጋዘን ከእህል ጆንያዎቹ ጀርባ ቆሞ ነበር፤ ወንበሩ ላይ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። በቋሚ ንብረት መዝገባችን የእርጅና ቅናሹ አልቆ ዋጋው 1 ብር ሆኖ ነው የተቀመጠው። አንድ ብር የሚጻፈው ንብረቱ ከመዝገብ እንዳይጠፋ ነው እንጂ ዋጋ አለው ለማለት አይደለም። እኔም ለዚህ ሞተር ሳይክል የነበረኝ ግምት ከዚያ የበለጠ አልነበረም።

ሐሳቡን ያመጣችው ከጣራ ገዳም ደን ሥር የምትኖረው አባላችን ናት። እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጣለች። ታሪኳን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሟ ግን በመጽሔቱ እንዳይወጣ ስለፈለገች አልጠራውም። በልጅነቷ በፖሊዮ ግራ እግሯ ሰንፏል። በአንድ ምርኩዝ ትሄዳለች። ሽንኩርትና ሩዝ ከፎገራ ገበሬዎች ተረክባ አዲስ ዘመን ገበያ ትሸጣለች፤ ነግዳ ልጆቿን የምታሳድግ፣ ቁጠባዋን አንድም ወር አሳልፋ የማታውቅ ሴት ናት። በሳምንት ሁለት ቀን ባጃጅ ኮንትራት ትይዝ ነበር፤ ደርሶ መልስ 300 ብር፣ በሳምንት 600። ባጃጁ ካልመጣ እቃው ቤት ይውላል፤ ሽንኩርት ደግሞ ሰው አይጠብቅም።

አንድ ቀን ቁጠባ ልታስገባ መጥታ ያንን ሞተር ሳይክል አየችው። «ይሄ ነገር ሦስት እግር ቢሆን እኔ አልነዳውም?» አለች። ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ሦስት እግር የማድረጉ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። የምንሳፈርበት ባጃጅ ራሱ ዘሩ ከዚያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያን አገር ሰው የሚገዛው መኪና ባጣበት ጊዜ፣ ፒያጅዮ የተባለው ኩባንያ ቬስፓ የምንላትን ሁለት እግር ሞተር ይሠራ ነበር። ከዚያ የቬስፓን ፊት እንዳለ ይዞ ከኋላ ሁለት ጎማና የጭነት ሣጥን ቀጠለበትና እ.ኤ.አ. በ1948 «አፔ» ብሎ ለገበያ አወጣው። ቬስፓ በጣሊያንኛ ተርብ ማለት ነው፤ አፔ ደግሞ ንብ። ተርቧን ጭነት አሸክመው ንብ አደረጓት። በኋላ ባጃጅ የተባለው የሕንድ ኩባንያ ከፒያጅዮ ፈቃድ አግኝቶ መሥራት ጀመረ፤ እኛም በኩባንያው ስም ተሽከርካሪውን ባጃጅ ብለን ቀረን። ስለዚህ አባላችን የጠየቀችው ጣሊያኖቹ ያደረጉትን ነው።

ብረትን ከጎማ ጋር ማስታረቅም ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። ደብረ ታቦር ጋራዥ ስንሄድ በያጁ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ስለ ጋፋት ነገረን። እውነቱን ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ ሚስዮናውያኑን የእጅ ባለሙያዎች ያሰፈሩት ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የቀለጠውም እዚያው ነው። ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ያ መድፍ በ1860 ዓ.ም. መስቀል ካለፈ በኋላ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በሠረገላ እየተጎተተ፣ መንገድ እየተጠረገለት፣ ከአምስት ወር በላይ ተጉዞ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። ይህን ስንሰማ ያደግን ነን። እኔ ግን ያን ቀን በያጁ ሲያወራ አንድ ነገር ብጠይቀው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ ባላፈርኩ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ መድፉን ሽቅብ መጎተት ብቻ ሳይሆን ጅዳንና በሽሎን የመሰሉ ሸለቆዎች ሲወርድ ወደ ኋላ መያዝም ነበረበት። ጠፍርና ጉልበት ፍሬን ሆነው ነው የወረደው። ስለ መጎተቱ ሁላችንም እናወራለን፤ ስለ መያዙ የሚያወራ የለም።

መካኒኩ የመጀመሪያውን ፕሮፎርማ ሲሰጠን ጠቅላላው 63,900 ብር ነበር። ጉባኤው የፈቀደልን ደግሞ 45,000። ቢሮ ተመልሼ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ከወጪዎቹ ሁሉ ትልቁ «የኋላ አክስል ከነዲፈረንሻሉና ከነሁለት ፍሬኑ፣ ተከላን ጨምሮ 34,200» የሚለው ነበር። መካኒኩን ደውዬ «ያለዚህ አይሄድም?» አልኩት። «መሄድስ ይሄዳል፤ ግን...» አለኝ። «ግን» ያለውን አልሰማሁትም። እኔ የሰማሁት «ይሄዳል» የሚለውን ነው። ሰረዝኩት። በምትኩ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ፣ ሁለት አሮጌ የባጃጅ ቸርኬና ኩሽኔታ፣ ከነሥራው 11,600 ብር ተተካ። ጠቅላላው 41,300 ሆነ። ከተፈቀደው 3,700 ብር አትርፌ ለኮሚቴው ሳቀርብ አጨበጨቡልኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የሒሳብ ሠራተኛዋ ላደረገችው ቁጠባ ምስጋና ቀርቧል» የሚል አለ። አሁንም አለ፤ አላስፋቅሁትም።

የሰረዝኩት ምን እንደነበር ላስረዳችሁ፤ ለእኔም ያስረዱኝ በኋላ ነው። ታቦት ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ስንዞር አስቡ። ከግድግዳው አጠገብ ያለችው ቀስ ብላ ጥቂት እርምጃ ትራመዳለች፤ በውጭ በኩል ያለችው ደግሞ ለመድረስ ትሮጣለች። ሁለቱን በአንድ አጠና አስረን «እኩል ተራመዱ» ብንላቸው አንደኛዋ ትጎተታለች፣ ካልሆነም መዞሩ ቀርቶ ሁለቱም ፊት ለፊት ይሄዳሉ። የኋላ ሁለት ጎማም እንደዚያው ነው፤ ሲታጠፍ የውጪው ከውስጡ የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ዲፈረንሻል የሚባለው ሁለቱም ጉልበት እያገኙ ግን በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ጥርሳ ጥርስ ነው። እኔ የገዛሁት ዘንግ ሁለቱን ጎማ በአንድ አጠና ያሰረ ነው። አፈር ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይቅር ይላል። ኮብልስቶን ላይ ግን ማኑብሪውን ብታዞሪውም ሞተሩ ፊት ለፊት እገፋለሁ ይላል።

ፍሬኑም አብሮ ሄዷል። ሞተር ሳይክል የኋላ ፍሬኑ ያለው የኋላ ቸርኬው ውስጥ ነው፤ ያንን ቸርኬ ስታወጪ ፍሬኑም ይወጣል። የቀረው የፊቱ ብቻ ነው። ለሁለት እግር ተብሎ የተሠራ አንድ ፍሬን አንዲት ሴት፣ ሁለት ጆንያ ሽንኩርትና ተጨማሪ ብረት እንዲያቆም ነው የተፈረደበት።

ሥራው ሲያልቅ የሆነ ደስታ ነበር። ቀለም ተቀባ። መጀመሪያ የነዳው የመካኒኩ ረዳት ነው፤ ባዶውን፣ ሜዳ ላይ፣ ቀጥ ባለ መንገድ። እማሆይ አጠገቤ ቆመው «ሦስት ጉልቻ ድስት አያንገዳግድም፣ ይሄም አይወድቅም» አሉ። ሁላችንም ያሰብነው ይህንኑ ነው። ልክም ነው፤ ሦስት እግር ያለው ነገር ወለሉ ጎርባጣ ቢሆን እንኳ ቆሞ አይንገዳገድም። ጉልቻ ግን ቁልቁለት አይወርድም፣ አይታጠፍም።

ይህንን ከዚያ በኋላ ወረቀት ላይ ሥዬ ነው የገባኝ። ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ፊቱ ጠባብ፣ ኋላው ሰፊ። ክብደቱ በዚያ ሦስት ማዕዘን ውስጥ እስካለ ድረስ አይገለበጥም። ሁለት እግር ሞተር ሲታጠፍ ነጂው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ሦስት እግር ግን ማዘንበል ስለማይችል ክብደቱ ወደ ውጭ ይሸሻል። ፍሬን ስትይዢ ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለቱን አንድ ላይ ካደረግሽ፣ እየታጠፍሽ ፍሬን ከያዝሽ፣ ክብደቱ የሚሄደው ወደ ፊትና ወደ ጎን ነው፤ እዚያ ማዕዘን ላይ ደግሞ ጎማ የለም። ጭነቱ ከፍ ብሎ ከተጫነ ይብሳል። ከአክስሉ ኋላ ከተንጠለጠለ ደግሞ ዳገት ላይ የፊት ጎማው ይቀልና ማኑብሪው አይታዘዝም። ለዚህ ነው አሁን ሣጥኑ ከአክስሉ በላይ ሳይሆን ከአክስሉ ፊት ወርዶ የተሠራው።

ሌላም ስህተት ነበር፤ ይሄኛው ገንዘብ ያላስወጣ፣ ግን ይበልጥ የሚያሳፍር። ዲቲ 125 ማርሹ በግራ እግር ነው የሚቀየረው። የእሷ ደካማ እግር ግራው ነው። ስለዚህ ማርሹ ወደ እጅ መጣ፤ መካኒኩም ዘንግ ቀጥሎ በግራ በኩል ከወንበሩ አጠገብ ቆንጆ እጀታ አቆመ። እኔ መጥቼ አየሁ፣ ሰብሳቢያችን መጥታ አየች፣ ከለጋሾቻችን አንዱ መጥቶ ፎቶ አነሣ። እሷ መጥታ ተቀመጠችና «ፍሪሲዮኑን በግራ እጄ ይዤ፣ ማርሹን በየትኛው ግራ እጄ ልቀይር?» አለች። ሥራው ሲጀመር እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ለካን አልነበረም፣ ወንበሩ ላይ አስቀምጠን አላየናትም። ፕሮፎርማውን አምስት ሰው ፈርሞበታል፤ አምስታችንም ሁለት ጤነኛ እግር ያለን ነን። እጀታው ወደ ቀኝ ተዛወረ። ማርሽ ሲቀየር ነዳጁ ስለሚለቀቅ ቀኝ እጇ ያን ጊዜ ነፃ ነው። መፍትሔውን ያመጣችው እሷው ናት።

አሁን ወደ አደጋው። በሦስተኛው ሳምንት ነው፣ ገና ለሙከራ ነው እየተባለ። ጠዋት ጭና ከቤቷ ወደ አዲስ ዘመን ስትወርድ፣ አስፋልቱ ጋ ሳይደረስ ያለው ጠጠራማ ቁልቁለት መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያዘች። የፊት ጎማው ተቆለፈና ጠጠሩ ላይ ተንሸራተተ። ማኑብሪውን አዞረች፤ የኋላው ዘንግ ፊት ለፊት ገፋት። ከውሃ መውረጃው ቦይ ገባችና ተገለበጠ። ሽንኩርቱ ቁልቁል ተንከባለለ። እሷ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ።

ሌላ ሰው እጁ ቢሰበር እጁ ነው የተሰበረው። እሷ ግን ምርኩዟን የምትይዘው በቀኝ እጇ ነው። ሁለት ወር ከቤት አልወጣችም። ለሕክምና 6,850 ብር ከፍለናል፤ ደረሰኙ ፋይሉ ውስጥ አለ። ደረሰኝ የሌለው ደግሞ ይህ ነው፦ የሰባተኛ ክፍል ልጇ እናቷን ለመደገፍና ጉልቱን ለመጠበቅ አምስት ሳምንት ከትምህርት ቀርታለች። ይህ በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደሚመዘገብ ኮሌጅ አላስተማሩኝም።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። የምትናገረውን ፈርቼ ነበር። «ፍሬን አልነበረውም እንዴ?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። የፊት ብቻ እንደነበረው ነገርኳት፣ የኋላውን የሰረዝኩት እኔ እንደሆንኩም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «አስገቡለትና መልሱልኝ» አለች። ሽጡት፣ ጣሉት የምትል መስሎኝ ነበር።

በኮሚቴው ውስጥ የነበረውን ክርክር ልደብቃችሁ አይገባም። ሁለት ሐሳብ ቀረበ። አንደኛው «ተጨማሪው ወጪ በብድሯ ላይ ይደመር፣ ተጠቃሚዋ እሷ ናት» የሚል ነው። ይህን ያሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ ተዘዋዋሪ ፈንዱ የሁላችሁም ላብ ስለሆነ የተቆረቆሩ ናቸው። እኔ ተቃወምኩ። ዲፈረንሻሉን የሰረዘው የእኔ ቀይ እስክሪብቶ ነው እንጂ የእሷ አይደለም። ሰው የተበደረው ለሞተር ነው፤ ለሒሳብ ሠራተኛ ስህተት የሚሰጥ ብድር የለም። ሦስት ስብሰባ ፈጀ። የተስማማነው እንዲህ ነው፦ 30,000 ብር በእሷ ብድር፣ 25,000 ብር ለጋሾቻችን ለአካል ድጋፍ ከሰጡት፣ ቀሪው 35,250 ብር ደግሞ በማኅበሩ ወጪ። ከዚህ ውስጥ 18,450 ብሩ ንጹሕ የስህተት ዋጋ ነው፤ ማለትም ሕክምናውና የተጣለው ዘንግ። ኪሳራ ብዬ ለብቻው ጽፌዋለሁ። «ልዩ ልዩ» በሚለው ውስጥ እንድከተው የመከሩኝ ነበሩ። አልከተትኩትም።

ሁለተኛውን ሥራ ባጭሩ ልናገር። የባጃጅ ዲፈረንሻል ከኢንጂኑና ከካምቢዮው ጋር አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ለእኛ ኢንጂን አይገጥምም። የተገኘው ከተጋጨ የቻይና የጭነት ሦስት እግር ላይ የወጣ፣ በካቴና የሚዞር፣ መሐሉ ላይ ዲፈረንሻል፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ፍሬን ያለው አክስል ነው። የኋላ ፍሬኑ በቀኝ እግሯ ይያዛል። ለማቆሚያ የሚሆን የእጅ ፍሬንም አለው። ቴላዮው ላይ ብየዳው እንደገና ተፈትሾ በሁለት ቦታ ተጠናክሯል። ኢንጂኑ ደክሟል ብለን ነበር፤ ግማሹ ድካም የአየሩ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ኢንጂን በየመቶ ሜትሩ አንድ በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ 2,700 ሜትር ላይ ያለችው ደብረ ታቦር ከጉልበቱ ሩቡን ትወስዳለች ማለት ነው። ይህን በማስተካከል አይመልሱትም፤ በትልቅ የኋላ ጥርስ ፍጥነቱን ቀንሰው ጉልበቱን ያበዙታል። አሁን ቀስ ይላል። ይበል።

አንድ ጉድለት ቀርቷል፤ ወደ ኋላ አይሄድም። ሞተር ሳይክል የኋላ ማርሽ የለውም። ገበያ ውስጥ ልጆች ይገፉላታል፣ እሷም ሽንኩርት ትሰጣቸዋለች። ይህን ወጪ አልመዘገብኩትም።

ሕጉንም ያወቅነው ዘግይተን ነው። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 የሚባል አለ። ተሽከርካሪን ቆርጠሽ ቀጥለሽ ዝም ብለሽ አትነጂውም፤ ለመዘገበው አካል ማሳወቅና ማስመርመር አለብሽ። የእኛ ሊብሬ ሁለት እግር ይላል፣ በሩ ላይ የቆመው ሦስት እግር ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ደግሞ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ መውጣት አይቻልም። ያን ጠዋት ቦይ ውስጥ የወደቀችው ብቻዋን ነው። መታጠፊያው ላይ ውሃ ቀድታ የምትመለስ ልጅ ብትኖር ኖሮ የምናወራው ስለ 90,250 ብር አይሆንም ነበር። ያንን ሌሊት ሌሊት አስበዋለሁ። ለምርመራ፣ ለሊብሬ ማስተካከያ፣ ለታርጋና ለመድን 7,900 ብር ወጥቷል። የሦስት እግር መንጃ ፈቃዷንም አውጥታለች።

ለጋሾቻችን፣ ለእናንተ ለብቻችሁ የምለው አለኝ። በግማሽ ዓመቱ ሪፖርት «አንዲት አባል የመንቀሳቀስ ችግሯ ተፈቷል» ብለን ከፎቶ ጋር ልከንላችኋል። ፎቶው ላይ ያለው የመጀመሪያው ሞተር ነው፤ ፍሬን የሌለው። ሪፖርቱ ከተላከ በዘጠነኛው ቀን ነው የወደቀችው። ማስተካከያ ደብዳቤ መላክ ነበረብን፤ አልላክንም፣ ምክንያቱም ቀጣዩን ገንዘብ ፈራን። ዛሬ ስነግራችሁ ሰብሳቢያችን ታውቃለች፤ «ንገሪያቸው» ያለችኝም እሷ ናት። ያንን ፎቶ የሰቀላችሁት ቦታ ካለ አውርዱት። አዲሱን ከበሩ ውጪ ታዩታላችሁ፤ ዛሬ የመጣችው ነድታው ነው።

ቁጥሩን ልጨርስ። መካኒኩ ያለውን ብንሰማና ሕጉንም አስቀድመን ብናውቅ ኖሮ ጠቅላላው 71,800 ብር ይሆን ነበር። አሁን በሳምንት ለባጃጅ ትከፍለው የነበረው 600 ብር ቀርቶ ለነዳጅ፣ ለዘይትና ለጥገና ተቀማጭ 220 ብር ታወጣለች። በሳምንት 380፣ በወር 1,520 ብር ይተርፋታል። ከዚያ ላይ 700 ብር በየወሩ ትመልሳለች፤ በ43 ወር ያልቃል። እስካሁን አላሳለፈችም። ዝናብ ሲበረታ መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን አትነዳም፤ ስለዚህ ለክረምቱ ያሰላሁት ከበጋው ያነሰ ነው።

አሁን ለውሳኔ የቀረበው ጉዳይ። መጋዘኑ ውስጥ ሁለተኛ አሮጌ ሞተር ሳይክል አለ፤ ሁለት ማመልከቻም ቀርቧል። አንዱ የበርበሬና የሽሮ ቡድናችን ነው፤ ለእቃ ማመላለሻ። ለዚህ አይሠራ ባይ ነኝ። እግራቸው ጤነኛ ለሆነ ሰዎችና ለእቃ ብቻ ከሆነ ከፋብሪካ ሦስት እግር ሆኖ የወጣ ያገለገለ ብንገዛ ይሻላል፤ ብየዳው የታመነ፣ ሊብሬውም የተስተካከለ ነው። «የኤሌክትሪክስ?» ያላችሁኝ ወጣቶች አላችሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ካለ ወዲህ ወሬው በዝቷል፤ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ መብራቱ ግን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጠፋ እናንተ ታውቃላችሁ። ዋጋውን ጠይቄ በሚቀጥለው ስብሰባ አመጣለሁ።

ሁለተኛው ማመልከቻ የሁለቱም እግሮቿ አቅም የደከመባት አባላችን ያቀረበችው ነው። እሷ የፋብሪካው ሦስት እግር አይሆናትም፤ የእግር ፍሬን አለበትና። ለእሷ ሁሉም ነገር፣ ማርሹም ፍሬኑም ማስነሻውም፣ በእጅ መሆን አለበት፤ ያንን የሚሸጥ ሱቅ በአካባቢያችን አላየሁም። መሠራት ያለበት ለእሷ ነው። ዋጋውም ከፊተኛው ይበልጣል። ፕሮፎርማው 83,400 ብር ነው፣ ምርመራና መድን ሳይጨምር። አንድም መስመር አልነካሁም። የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ሙሉውን ፍቀዱ ወይም ሙሉውን ከልክሉ፤ «በግማሹ ሞክሩ» አትበሉን። ሁለተኛው፣ ሥራው ሲጀመርም ሲረከብም ከእኔ ፊርማ በፊት የነጂዋና የመካኒኩ ፊርማ ይቅደም። ከደን ሥር የምትኖረው እህታችንም መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ በጭነት፣ ያንኑ መታጠፊያ ወርዳ እንደምትፈትነው ቃል ገብታለች። እኔ ኋላ ሣጥኑ ላይ እቀመጣለሁ ብያለሁ። ክብደቴ አንድ ጆንያ ስለሚያህል ለሙከራ ይበቃል ብላለች።

ፕሮፎርማዎቹ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። ማንበብ የማትችሉ እናቶች ልጆቻችሁን ሳይሆን እኔን ጥሩኝ፤ መስመር በመስመር አነብላችኋለሁ። እጅ የሚወጣው ከምሳ በፊት ነው።